ካፒቴኑ ባሌ፣ ገመድ ያዧ እኔ

«ዕረፍት ነው» ተብዬ ሄጄ ወገቤ ተቆርጦ ተመለስኩ። ከተመለስን ሳምንት አልፎናል፤ መዳፌ ላይ ያለው የገመድ ቁስል ግን ገና አልደረቀም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ ቻሉኝ።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤቴ ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ሲያሳየኝ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካናል ዱ ሚዲ የሚባል ሰው ሠራሽ የጀልባ ቦይ። ጸጥ ያለ ውሃ፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች፣ ማዶ የወይን እርሻ። ጀልባዋ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ዘርግታ ብርጭቆ ይዛለች። «መንጃ ፈቃድ እንኳን አይጠይቁም» አለኝ። እዚህ ጀርመን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተንገላታ ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ ያውቃል። እኔም ነጭ ቀሚስ ገዛሁ። ሞኝ!

የተከራየናትን ጀልባ የተረከብነው ትሬብ የምትባል ከተማ ላይ ነው። አንድ ወጣት ወደፊት በዚህ፣ ወደኋላ በዚህ፣ ሽንት ቤቱ እዚያ ጋ ብሎ አሳየንና ሄደ። በቃ። ፍሬን የሌለው ቤት የሚያህል ነገር ለሰው ይሰጣል? ባለቤቴ ግን መሪውን እንደጨበጠ ሌላ ሰው ሆነ። ድምፁ ወፈረ። ስሜን መጥራት ትቶ «ገመድ!» ይለኝ ጀመር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ኤክሉዝ የሚሉት ነገር አለ። ፊትና ኋላው በር ያለው የድንጋይ ገንዳ በሉት። ትገባላችሁ፣ ከኋላ ይዘጋባችኋል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ ከነጀልባችሁ ዝቅ ትላላችሁ፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ቦዩን ያሠራው ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 ጀምሮት፣ በ1681 ሲከፈት እሱ የለም፤ ከወራት በፊት ሞቷል። 240 ኪሎ ሜትር በዚያ ዘመን! ሥራው ድንቅ ነው፣ አልክድም። ገመዱን ማን እንደሚይዝ ግን አላሰበበትም።

የምትይዘው ሚስት ናት። እንግሊዞቹም ያው፣ ስዊሶቹም ያው። ባል ኮፍያውን ደፍቶ መሪ ላይ ይቆማል፣ ሚስት ገመድ ይዛ ወደ ድንጋዩ ትዘላለች። ዓይናችን ሲጋጠም ራስ እንነቀንቃለን። ቋንቋ አያስፈልገንም።

ፎንፊል ላይ ሦስት ገንዳ ተከታትሎ አለ። «አጥብቀሽ እሰሪ!» አለኝ ካፒቴኑ። አጥብቄ አሰርኩ። ውሃው ወረደ፣ ገመዱ አልወርድም አለ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተንጠለጠለች። የበሩ ሠራተኛ እየጮኸ ውሃውን አስቆመልን። ለካ ገመዱ አይታሰርም፤ ምሰሶው ላይ ይዞርና በእጅ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ጥፋቱ የማን ሆነ? የኔ። የሽሮ ድስቴም ወለል ላይ ቀረ። ፍልሰታ ነበር እኮ! አገሩ በሙሉ አይብና ቅቤ ነው፣ እኔ ያለኝ ያቺው ሽሮ ነበረች።

ጥላውስ? ፕላታን የሚሏቸው እነዚያ ዛፎች በፈንገስ እያለቁ ነው። በሽታው ቦዩ ላይ ከታየበት ከ2006 ወዲህ በሺዎች እየተቆረጡ ነው። በምትካቸው የተተከለው ችግኝ ለዶሮም ጥላ አይሆን። በነሐሴ ፀሐይ ጉቶ እየቆጠርን ሄድን። ፍጥነቱ ደግሞ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ክልክል። አንዲት ባልቴት በብስክሌት አልፋን ሄደች። ዳቦዋን ገዝታ ስትመለስ ገና እዚያው ነበርን። ምሳ ሰዓት ላይ ኤክሉዙ ይዘጋል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። እንዲህ በተጠበስን ቁጥር ባለቤቴ «ተፈጥሮን ተመልከቺ» ይለኛል።

ወይኑን ልርሳው? አርዣንስ ደረስን፤ ሚኔርቯ የሚባለው ወይን አገር ነው። ካፒቴኑ ቅምሻ ገባ። ቀይ ቀመሰ፣ ሮዜ ቀመሰ፣ እንደገና ቀይ። ውሃ ላይም ቢሆን ጠጥቶ መንዳት ክልክል ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አልጠጣሁም። መሪው እጄ ገባ። ተመስገን፣ አሁን ገመዱን ማን እንደሚይዝ እናያለን አልኩ።

ካርታውን ገለጥኩ። ከአርዣንስ በኋላ እስከ ቤዚዬ ድረስ 54 ኪሎ ሜትር አንድም ኤክሉዝ የለም። አንድም! ከመላው ቦዩ በር የሌለበት ረጅሙ መንገድ ይሄው ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጣሪያው ላይ እግሩን ዘርግቶ ብርጭቆ ይዟል። ያቺን የፎቶዋን ሴት ሆኖ ቁጭ አለ። ነጭ ቀሚሱ ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ቡርጎኝ እንሂድ ይላል። ኢንተርኔት ገብቼ አየሁት። የቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ነው፣ 189 ኤክሉዝ አለው። እሺ አልኩት። መሪው ግን ከመጀመሪያው ቀን የኔ ነው። ለእሱ ጓንት ገዝቼለታለሁ።