የዋርድ 1 ምርጫ ቴክሳስን ምን አገባው?

በ2025 ጁን 10 የኮንግረሱ የታችኛው ምክር ቤት 266 ለ148 በሆነ ድምፅ ያደረገውን አይታችኋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የከተማውን ምርጫ እንዲመርጥ የፈቀደው የ2022ቱ ህግ ይሰረዝ አሉ። በ2023 ሞክረው ነበር፣ በ2024 ደገሙት፣ በ2025 ሰለሱት። ሴኔቱ ላይ እየቀረ ነው እንጂ እነሱስ አልተኙም። የ2025ቱን ያቀረቡት ኦገስት ፍሉገር የቴክሳስ ተወካይ ናቸው። 700 ሺህ የሚጠጋው የዲሲ ህዝብ ግን እዛ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥለት አንድ ሰው የለውም፣ የዲሲ ተወካይ ኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን ቆመው ይናገራሉ፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን አይቆጠሩም። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው ስለ ምርጫ ክብር የሚያስተምሩን።

እኔን ያንገበገበኝ ያ የኤምባሲ ወሬ ነው። የራሺያና የቻይና ኤምባሲ ሠራተኛ ዲሲ 30 ቀን ከኖረ ሄዶ ይመርጣል፣ የውጭ መንግስት የአሜሪካን ዋና ከተማ ይጫወትባታል ይላሉ። ህጉ ከወጣ ጀምሮ ይቺኑ ነው የሚደጋግሟት፣ ውሃ የማያነሳ ነገር። ሌላ አገር የመምረጥ መብት አለኝ የሚል ሰው እኮ ዲሲ መመዝገብ አይችልም፣ ለአገሩ መንግስት ተልኮ የመጣ ዲፕሎማት ምን ብሎ ነው የሚመዘገበው? ደግሞስ የሚመረጠው ማን ሆነና፣ ከንቲባ፣ ካውንስል፣ አተርኒ ጀነራል፣ የትምህርት ቦርድ፣ ኤ ኤን ሲ (የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን)፣ በቃ። ፕሬዚዳንት የለበትም፣ ኮንግረስ የለበትም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ታኮማ ፓርክ አለች አይደል፣ እዛ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይመርጣል፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆነ ማለት ነው፣ እስቲ የትኛው ኤምባሲ ነው ታኮማ ፓርክን የወሰዳት?

የከተማ ምርጫ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው። እንበል አንድ ወንድማችን 9ኛውና ዩ ስትሪት አካባቢ ዋርድ 1 (ከከተማው የምርጫ ክልሎች አንዱ) ውስጥ ሬስቶራንት ሊከፍት ነው። ግሪን ካርድ አለው፣ ዜግነት ገና ነው። ቢራና ጠጅ ለመሸጥ ሊከር ላይሰንስ ያስፈልገዋል፣ ሲያመለክት በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ተቃውሞ ያለው በ45 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይባላል። ከሚቃወሙት ዋናው ያ ኤ ኤን ሲ የሚባለው ነው፣ የኛን ቀበሌ በሉት፣ አንዱ ኮሚሽነር 2 ሺህ ገደማ ሰው ነው የሚወክለው፣ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፣ ደሞዝ የለውም፣ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። ግን የከተማው ላይሰንስ ቦርድ የኤ ኤን ሲን አስተያየት ትልቅ ክብደት ሰጥቶ እንዲያይ በህግ ይገደዳል። ተቃውሞ ገባ ማለት ወይ ጠበቃ ይዘህ ወራት ትከራከራለህ ወይ ስምምነት ፈርም ትባላለህ፣ ስምምነቱ ላይ ሙዚቃው በስንት ሰዓት ይቁም፣ ውጪ ያሉት ወንበሮች ስንት ይሁኑ፣ በስንት ሰዓት ይሰብሰቡ የሚል ይጻፋል፣ አንዴ ከፈረምክ ደግሞ ላይሰንሱ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ቅዳሜ ማታ ማሲንቆ መጫወት መቻል አለመቻልህን የሚወስነው ያ ስብሰባ ነው! እዛ ስብሰባ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች የመረጣቸው ማነው? ጎረቤቱ። ኮንዶ ገዝቶ ከገባ ዓመት ያልሞላው ሰው መርጧል፣ ወንድማችን ግን አሥር ዓመት ሰፈሩ ኖሮ፣ በሚሸጠው እያንዳንዱ ሰሃን ላይ 10 ፐርሰንት ታክስ ለከተማው እየሰበሰበ፣ አይችልም ነው የሚባለው። ይሄን ነው እንግዲህ ኮንግረስ ሊመልስልን የሚፈልገው። ኤ ኤን ሲ በጥቂት ድምፅ ልዩነት የሚያልቅ ምርጫ ነው፣ አንድ የምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ወጥተው ቢመርጡ ውጤት የሚቀየርበት ቦታ አለ። እኔ የሚፈሩት ይሄንን ነው ብዬ አምናለሁ፣ የራሺያን ዲፕሎማት አይደለም።

ለከተማው ያስባሉ እንዳይባል ደግሞ በ2025 ማርች ላይ ያደረጉትን አይተናል። በበጀት ህጉ ከዲሲ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቆረጡ፣ ያውም የፌደራል ብር ሳይሆን ከተማው ራሱ ከነዋሪው የሰበሰበውን ታክስ። ሴኔቱ ማስተካከያ አሳልፎ ላከላቸው፣ አንስተው ድምፅ ሊሰጡበት አልፈለጉም። የኛን ምርጫ ለመሰረዝ ግን ጊዜ አገኙ።

ከኛው ሰው የምሰማውም ያበሳጨኛል። "እኔ አምስት ዓመት ጠብቄ ዜጋ ሆኜ ነው የመረጥኩት፣ እሱም ይጠብቅ" የሚል አለ። አንተ የጠበቅከው አማራጭ ስላልነበረህ ነው እንጂ መጠበቁ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። በነዚያ አምስት ዓመታት ኪራይህ ጨምሯል፣ ልጅህ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ታክሲ ስትነዳ ህግ ተቀይሮብሃል፣ አንዱንም አልተጠየቅክም። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ስንት ዓመት ኢንተርቪው የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ለሱ "አምስት ዓመት ጠብቅ" ማለት ምን ማለት ነው? ፍርሃቱ ይገባኛል፣ በዚህ ጊዜ ስሙን መዝገብ ላይ ማስገባት የማያስፈራው ስደተኛ የለም። ግን የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ራሱ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ በሚፈቀድበት የአካባቢ ምርጫ ብቻ በህጋዊ መንገድ የመረጠ "ኖ" ብሎ መመለስ እንደሚችል ይናገራል። የፌደራሉን የመራጮች ምዝገባ ፎርም እንዳትሞሉ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

የዋርድ 1 የካውንስል ወንበር በ2026 ለምርጫ ይቀርባል፣ ከንቲባውም እንደዚያው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሚያልቀው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት የቅድሚያ ምርጫ) ነው፣ ኖቬምበር የሚጠብቅ ሰው አምልጦታል። መረጃ በአማርኛ ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ አማርኛ በከተማው የ2004 የቋንቋ ህግ የተካተተ ነው፣ ችሮታ አይደለም።

ህጉ ይሰረዝ ካሉት 266ቱ ውስጥ 56ቱ ዴሞክራቶች ናቸው። እኛ ጋ ሲመጡ እንጀራ የሚበሉ፣ ነጠላ ለብሰው ፎቶ የሚነሱ ፖለቲከኞች ያሉበት ፓርቲ ነው ይሄ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ዜጎች፣ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ ቢሮው ደውሉና ጁን 10 ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በስሙ ጠይቁት።