የልብ ካርታው ጥሩ ነው፤ ግን ለየትኛው ሕመም?

አሜሪካም ሆነ አውሮፓ የልብ ምቱ ተዛብቶ ሆስፒታል የሚሄድ ወገናችን የልብን የኤሌክትሪክ ካርታ ስለሚሠሩት አዳዲስ ካቴተሮች (ልብ ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች) መስማቱ አይቀርም። የሚለዩትም ሲግናል በሚያነቡት ትንንሽ የብረት ነጥቦቻቸው፣ በኤሌክትሮዶቻቸው ብዛት ነው። 20 ኤሌክትሮድ፣ 48 ኤሌክትሮድ፣ 64 ኤሌክትሮድ። ቁጥሩ ያጓጓል። እኔ ግን በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ እላለሁ፦ የኤሌክትሮዱ ብዛት ለአንዳንዱ ሕመም ትልቅ ለውጥ አምጥቷል፣ ለሌላው ግን አላመጣም። ይህን ልዩነት ለታካሚው ሳይነግሩ ወደ ሕክምናው መግባት ልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቴተሩ በብሽሽት በኩል በደም መልስ ይገባና ልብ ውስጥ ይደርሳል። ኤሌክትሮዱ የልብን ግድግዳ ሲነካ እዚያ ቦታ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የት ቦታ መቼ እንደደረሰ አገናዝቦ ባለቀለም ካርታ ይሠራል። ሐኪሙም ካርታውን አይቶ ሕመሙን የሚያስነሳውን ቦታ በካቴተር ያቃጥለዋል። ድሮ ሐኪሙ በአንድ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ነበር የሚሰበስበው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ነጥብ በደቂቃዎች ይሰበሰባል።

ይህ ነገር ዋጋው የሚታወቀው ጠባሳ ላይ ነው። ሃርት አታክ ያጋጠመው ልብ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳው ውስጥ ግን ሳይሞቱ የተረፉ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች አሉ፣ ኤሌክትሪኩም በነሱ በኩል ቀስ ብሎ ሾልኮ ይወጣና ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ ልብም በዚያ አዙሪት ተይዞ ያለማቋረጥ ይሮጣል። ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። 3.5 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው የማቃጠያ ካቴተር ጫፍ የአካባቢውን ሲግናል ሁሉ ቀላቅሎ ስለሚያነብ ክሩ ያመልጠዋል። 1 ሚሊሜትር የምታህል ኤሌክትሮድ ግን ታገኘዋለች። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲግናሉ የሚለካው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ነው፤ የኤሌክትሪኩ ሞገድ ሁለቱ ጋ በአንድ ጊዜ ደርሶ ካለፈ ጤነኛው ጡንቻ ደካማ መስሎ ይታያል። አራት በአራት የተደረደሩ 16 ኤሌክትሮዶች ያሉት ኤችዲ ግሪድ የተባለው ካቴተር የተሠራው ለዚህ ነው፤ በሁለት አቅጣጫ ለክቶ ያወዳድራል።

አሁን ወደ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንምጣ፤ ይህ የልብ የላይኛው ክፍሎች ሥርዓት በሌለው ኤሌክትሪክ የሚርገበገቡበት የልብ ምት መዛባት ነው። በፈረንጆቹ 1998 የቦርዶው ሐኪም ሚሼል ሃይሳጌር እና ባልደረቦቹ በ45 ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት 69 ነጥቦች 94 በመቶው የሚገኙት ከሳንባ ወደ ልብ በሚመለሱት የደም ሥሮች ውስጥ መሆኑን አሳዩ። እነሱን በኤሌክትሪክ ከልብ መነጠል እስከ ዛሬ የሕክምናው መሠረት ነው።

ሕመሙ ሲቆይና ሳያቋርጥ ሲቀጥል ግን ነገሩ ይከብዳል። ሞገዱ በየቅጽበቱ መንገዱን ይቀያይራል፣ አሁን የተሳለው ካርታ ከደቂቃ በኋላ ላይሠራ ይችላል። ያም ሆኖ ካርታው ላይ የተሰባበረ ሲግናል የታየበትን ሁሉ ማቃጠል ለዓመታት ተለምዶ ነበር። በ2015 የታተመው ስታር ኤኤፍ 2 የተባለው ጥናት 589 ሰዎችን አወዳደረ። ከ18 ወር በኋላ ሕመሙ ያልተመለሰባቸው፣ የደም ሥሮቹ ብቻ ከተነጠሉላቸው 59 በመቶ፣ የተሰባበረው ሲግናል ጭምር ከተቃጠለላቸው 49 በመቶ፣ ተጨማሪ መስመር ከተቃጠለላቸው ደግሞ 46 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ጎልቶ ባይወጣም፣ ተጨማሪው ማቃጠል ጥቅም አላሳየም። ጤነኛ ሊሆን የሚችል ሥጋ በከንቱ ተቃጠለ ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ደግሞ የብዙ ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን መነሻው ሌላ ነው፦ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የተበላሸ የልብ ቫልቭ። ለነዚህ ሰዎች ከየትኛውም ካርታ በፊት የቫልቩ ሕክምናና የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን በክትትል መውሰድ ይቀድማል።

ስለዚህ እናቱን ይዞ ለማስተርጎም ሐኪሙ ዘንድ የሚገባ ልጅ ካቴተሩ ስንት ኤሌክትሮድ እንዳለው ባይጠይቅም ችግር የለውም። ይልቅ ይህን ይጠይቅ፦ የእሷ ሕመም በካርታ የሚገኝ አዙሪት አለው ወይ? ከደም ሥሮቹ ውጭ ሌላ ቦታ ሊያቃጥሉ ካሰቡ፣ ለምን?