አቧራው ሳይሰክን ለሚፈርዱ ሊቃውንት

ቦምብ ሲፈነዳ ከአምቡላንሱ ቀድመው ስቱዲዮ የሚገኙትን የሽብርተኝነት ተንታኞች የሚያመሰግን ሰው መጥፋቱ ያሳዝናል። ፖሊስ ገና አካባቢውን በገመድ ሲያጥር፣ እነዚህ ብሩካን ከረባታቸውን አስተካክለው የአጥቂውን ሃይማኖት፣ የመጣበትን በረሃ፣ በምዕራቡ ላይ የቋጠረውን ቂም ጨርሰው ይነግሩናል። ለምርመራ የሚባክነውን ገንዘብ ማን ባተረፈልን!

ችሎታቸውን ኦክላሆማ ሲቲ በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የፌዴራል ሕንፃው ፈርሶ 168 ሰው ሲያልቅ፣ ሊቃውንቱ ወዲያው የመካከለኛው ምሥራቅ እጅ ታያቸው። በዚያው ሰዓት አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ታርጋ የሌላት ቢጫ መኪና አስቁሞ ነበር። ሹፌሩ ቲሞቲ ማክቬይ ይባላል፤ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተሸለመ የቀድሞ አሜሪካዊ ወታደር ነው። ፍንዳታው ከደረሰ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆነው ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ፖሊሱ ተንታኝ አይደለም! ከኦክላሆማ ተነሥቶ ወደ ዮርዳኖስ ይሄድ የነበረ መንገደኛ ግን ለንደን ላይ ተይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ጥፋቱ መድረሻው ነበር።

በ2011 ኦስሎና ኡቶያ ደሴት ላይ 77 ሰው ሲገደልም አልሰነፉም፤ የአልቃይዳን ስም ለማንሳት ጨለማ እስኪሆን አልጠበቁም። ገዳዩ ግን እስልምናን የሚጠላው ኖርዌያዊው ብሬቪክ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቁ? ኧረ ለምን! የሰው ስም ተሳሳቱ እንጂ ትንታኔው እንዳለ ነው።

አድሏዊ ናቸው እንዳይባሉ ደግሞ ማድሪድ አለች። በመጋቢት 2004 ባቡሮቹ በፈነዱ ዕለት የስፔን መንግሥት የባስክ ተገንጣይ ታጣቂ ቡድን የሆነውን ኢታን ከሰሰ፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያው ቀን በውሳኔ ቁጥር 1530 ኢታን በስም አወገዘ። ፍጥነት ይሏችኋል ይህ ነው! አድራጊዎቹ ጂሃዲስቶች ነበሩ፤ ገዢው ፓርቲም ከሦስት ቀን በኋላ በምርጫ ተሸነፈ።

ወዲያ ማዶ ያሉትን ሊቃውንት ብዘነጋ ግፍ ይሆንብኛል። ለእነሱ የትኛውም ጥቃት የሲአይኤ ወይም የሞሳድ ድግስ ነው። ቢን ላደን ራሱ በ2004 በቪዲዮ ብቅ ብሎ የመስከረም 11ን ኃላፊነት ሲወስድ እንኳ ሰውየውን አላመኑትም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው እነሱን አይመለከትም፤ እነሱ ያወቁት ከባለቤቱም ከመርማሪውም ቀድመው ነው።

እነዚህ ሁለት ጎራዎች በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ። በጥቅምት 2017 ሞቃዲሾ መሐል በጭነት መኪና የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። የሶማሊያ መንግሥት አልሸባብን ከሰሰ። ያን ጊዜ ለአንደኛው ሊቅ ሟቾቹ፣ ለሌላኛው ገዳዮቹ አልተመቹምና ሁለቱም ጉሮሯቸውን ሊያሳርፉ ወጣ ብለው ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ሥራው እኮ ድካም አለው።