እርማት፦ ሥራ አለው ማለት ድሃ አይደለም ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ድሃ የሚሆነው የማይሠራ ሰው ብቻ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል፤ ግን ስህተት ነው።

መጀመሪያ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር መንግሥት በየወሩ ስለ ሥራ በሚያጠናው ሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ተከፍሎት የሠራ ሰውም «ሥራ ያለው» ይባላል። ተስፋ ቆርጦ ሥራ መፈለግ ያቆመው ደግሞ ከሥራ አጥ አይቆጠርም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ የፌዴራሉ የድህነት መስመር በዓመት 31,200 ዶላር ነበር። በካውንቲው ትልልቅ ድርጅቶች ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ 17.15 ነበር። እዚያው ካውንቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ፣ አራት ሰው ያለበትን ቤት ብቻውን የሚያስተዳድር አንድ አባወራ በሳምንት 30 ሰዓት ብቻ ቢሰጠው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ሠርቶ 26,754 ያገኛል። ከመስመሩ በታች ነው። ሥራ አጥ ግን አይደለም።

40 ሰዓት ከሠራ 35,672 ይሆናል። በወረቀት ከድህነት ወጣ! ኪራዩን በወር 2,000 ብንለው ግን 24,000 እዚያው ያልቃል። ታክሱ ገና ነው። መስመሩ ደግሞ አላባማም እዚህም ያው ነው፤ የኪራይ ልዩነት አያውቅም።

«የካውንቲው ገቢ እኮ ከ120 ሺህ በላይ ነው» ትለኝ ይሆናል። እሱ የመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ ነው፤ ግማሹ ቤተሰብ ከዚያ በታች ነው። ሁለት ሥራ ይዞ መኪና ውስጥ ምሳውን የሚበላው ሰውዬ እዚያ ግማሽ ውስጥ ነው ያለው።