ቁጥሩ ዋጋ ከሌለው መዶሻ ለምን ተነሳ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ መኪና ነጋዴ ለሽያጭ ያቀረባትን የ1969 ካማሮ ዜድ/28፣ ማለትም የሼቭሮሌት ካማሮን ፈጣን ዓይነት፣ በቪዲዮ ሲያስጎበኝ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሞተሯ ቁጥር ከፋብሪካ አብሯት የመጣ እንዲመስል እንደገና የተመታ ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አልካደም። ቁጥር መምታት እንደ ቀለም መቀባት ያው የእድሳት ሥራ ነው አለ። ማንም አይለየውም፣ ቁጥር የሚያነቡት ሥራ የፈቱ ሽማግሌዎች ናቸው ብሎም ጨመረበት። ይባስ ብሎ እዚህ አሜሪካ ያሉ የእኛ ልጆች ቪዲዮውን እየተቀባበሉ «እውነቱን ነው፣ መኪና ይነዳል እንጂ አይነበብም» ሲሉ ሰነበቱ።

ማንም የማይለየው ከሆነ ታዲያ ለምን ተመታ?

ይሄን ብቻ ይመልስልኝ። ቁጥሩ ያለው ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ ሥር፣ ጣት በምታህል ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ኮፈን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በባትሪ ካልፈለጉት አይታይም። ለውበት የሚሆን ነገር የለውም። ፍጥነት አይጨምር፣ ድምፅ አያሳምር። እና አንድ ሰው የሌላ መኪና ሞተር ያመጣል፣ ያቺን ቦታ በማሽን ይልጋል፣ የድሮውን የሚመስል ፊደል አፈላልጎ ይገዛል፣ ከዚያ በመዶሻ አንድ በአንድ ይመታል። ይሄን ሁሉ የሚደክመው ለምንድን ነው? ቁጥሩ ብር ስለሚያወጣ ነው ሌላ ምን አለው! ሽማግሌዎቹማ ያነባሉ እንጂ አይመቱም። በቁጥር ከማንም በላይ የሚያምነው ያ መዶሻ የያዘው ሰው ነው። ባያምንበት ኖሮ ቦታውን ባዶ ይተወው ነበር። ባዶ መተው ነፃ ነው፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ቀለም ነው ይላል ደግሞ። ቀለም ምን ይናገራል? ቀይ ነኝ ይላል፣ አለቀ። ያ ቁጥር ግን እኔ በዚህ ወር በዚህ ቀን ፍሊንት ሚቺጋን ተገጣጥሜ፣ ኖርዉድ ኦሃዮ ሄጄ፣ እዚችው መኪና ውስጥ ገባሁ ነው የሚለው። ይሄ ነገር እውነት ወይ ውሸት ይሆናል። አንድ ሰው ሥራውን አሳምሮ ቢሠራም ዲግሪው ፎርጅድ ከሆነ ፎርጅድ ነው፤ ማኅተሙ ያምራል ብሎ የሚከራከር አልሰማሁም።

ነገሩ በካማሮ ላይ የሚብሰው በምክንያት ነው። የ1969 ካማሮ ዳሽቦርዷ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ስምንት ሲሊንደር ናት፣ በዚህ ዓመት እዚህ ፋብሪካ ተሠራች ይላል እንጂ ዜድ/28 ናት ወይስ ተራ ናት የሚለውን አይናገርም። በዚያ ዓመት ከ240 ሺህ በላይ ካማሮ ተመርቷል። ከእነሱ ውስጥ ዜድ/28 የነበሩት 20,302 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተራዋን ወስዶ ሁለት ሰፊ መስመር ቀብቶ፣ ባጅ ለጥፎ ማውጣት ነው። ሻንሲው አይከራከርም።

ሌሎቹ ቢያንስ የሚጠየቅ አላቸው። ፖንቲያክ ያለው ሰው ፒ ኤች ኤስ የሚባለው ድርጅት ጋር ሄዶ ፋብሪካው የጻፈውን ደረሰኝ ኮፒ ያወጣል፤ ጂ ቲ ኦ የሚባለው ፈጣኑ ሞዴል ናት ወይስ አይደለችም ያበቃል። ፎርድ ያለው ከ1967 ወዲህ ላሉት ከፎርድ መዝገብ የሚወጣውን የኬቨን ማርቲ ሪፖርት ያዝዛል። የ1970 ሄሚ ኩዳ (ሄሚ የሚባለው ትልቅ ሞተር ያለባት ፕሊመዝ) አለኝ የሚልህ ደግሞ የሻንሲዋ ቁጥር አምስተኛ ቦታ ላይ «አር» የምትል ፊደል ያሳይህ፤ ከሌለች ከፋብሪካ ስትወጣ ሄሚ አልነበረችም፣ ሻይ ጠጥቶ መለያየት ነው። ሼቭሮሌት ግን አሜሪካ ውስጥ ለሸጣቸው ለእነዚያ ዓመታት መኪኖች እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። በዋናነት የቀረው ከመኪናዋ ጋር የኖረ ወረቀት ካለ ወረቀቱ፣ እና ያቺ ጣት የምታህል ቦታ ናት። ወረቀቱ ደግሞ ዛሬ አስመስሎ የሚያትም ሞልቷል። ሰውዬው ያበላሸው እንግዲህ የቀረውን ዋና ምስክር ነው። ከዚያ ዐይኑን በጨው አጥቦ እድሳት ነው ይለናል።

ማንም አይለየውም ማለቱም ራሱ ውሸት ነው። የሞተሩ ፋብሪካ ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ሲልገው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይተዋል። እንደገና ከተላገ እነሱ ይጠፋሉ። በብርጭቆ ወረቀት አስመስሎ የሚጭርም አለ፣ ግን የለመደ ዐይን ያውቀዋል። ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ጽሑፍ ነው ያለው። አንደኛው የሞተሩ ፋብሪካ የመታው ቀንና ኮድ ነው፤ በ1969 ዜድ/28 ላይ መጨረሻው «ዲ ዜድ» ነው። ሁለተኛው መኪናዋ የተገጣጠመችበት ፋብሪካ የመታው ከሻንሲው የተወሰደ ቁጥር ነው። ሁለት ከተማ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መሣሪያ። ሁለቱም በአንድ እጅ በአንድ ቀን የተመቱ ከመሰሉ ምን እንደተሠራ ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ብሎኩ ሲቀለጥ የታተመበት ቀንም ከኋላ በኩል አለ። ወሩ በፊደል ነው፣ ኤ ጥር፣ ቢ የካቲት እያለ ይሄዳል። ሞተሩ ከመኪናዋ በኋላ የተወለደ ከሆነ ጉድ ነው! እንዲህ ዓይነትም ገጥሞኝ ያውቃል፣ ሻጩ ፈገግ ብሎ ነበር የሚያየኝ።

አንዳንዱማ እዚያም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ዜድ/28 ከፋብሪካ የምትወጣው በባለ አራት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ እና ከፊት በዲስክ ፍሬን ብቻ ነበር። ኤሲ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ኦሪጅናል ናት ተብላ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከነ ፋብሪካ ኤሲዋ ይዛ የምትመጣ ዜድ/28 ካየህ በጨዋ ደንብ እጅ ነስተህ ውጣ።

አዎ፣ ሞተሩን ያጣ ሁሉ ሌባ አይደለም። እነዚህ መኪኖች ለመሮጥ ነው የተገዙት፣ ሞተር ፈንድቶባቸዋል፣ አንዳንዱ በዋስትና ተቀይሯል፤ ከኩባንያው የመጣው ምትክ ብሎክ ላይ «ሲ ኢ» የሚል ምልክት ይመታ ነበር። ያን የያዘ መኪና ታሪኩን በግልጽ ይዞ ነው የቆመው፣ አከብረዋለሁ። ተራ ካማሮ ገዝቶ ዜድ/28 አስመስሎ ሠርቶ አስመስዬ ነው የሠራኋት ብሎ የሚነዳም ደስ ይበለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዟት ይውጣ። እኔ የተጣላሁት አስመስሎ ሠርቶ የእውነተኛዋን ዋጋ ከሚጠራው ጋር ነው። የኛው ነጋዴም የጠራው የእውነተኛዋን ነው፣ አንድ ዶላር አልቀነሰም።

ገበያውስ ምን ይላል? ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ለፊልም የነዳት የ1968 ማስታንግ በ2020 ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ ለጨረታ ስትቀርብ ቀለሟ የተላላጠ፣ ዝገት ያለባት፣ ማንም ያላደሳት ነበረች። ከክፍያዎቹ ጋር 3.74 ሚሊዮን ዶላር ወጣባት። የፊልም መኪና ስለሆነች ነው ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ያቺው የፊልሟ መኪና መሆኗ የታወቀው በምንድን ነው? በቁጥሯ ነዋ! እንዳማረባት አጽድተው ቁጥሯንም «አድሰውት» ቢሆን ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

በፌዴራል ሕግ የመኪና መለያ ቁጥርን አውቆ የፋቀ ወይም የቀየረ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ይሄ የሻንሲውን ሰሌዳ እንጂ የሞተሩን ቁጥር አይመለከትም እያሉ ይሸሸጉበታል። እሱን ጠበቆች ይከራከሩበት። ሕግ አልከለከለኝም ማለት አልዋሸሁም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን የእኛ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ያገለገለች ኮሮላ ለመግዛት እንኳ መካኒክ ይዘን ሄደን፣ ኮፈን አስከፍተን፣ የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ስናስተያይ አልነበር? የሞተር ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ደላላው ምን ቢምል ማን ይገዛ ነበር? እዚያ ለኮሮላ የጠየቅነውን እዚህ በስንትና ስንት እጥፍ ዋጋ ለምትሸጥ ካማሮ መጠየቅ ሥራ መፍታት ሆነ? ወይስ ባለ መስመር መኪና ስናይ ማንበብ ያቅተናል?

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የዚያችን ቦታ ፎቶ ጠይቁ። ቀለም ሳይቀባ፣ ከጎን በዝቅታ ብርሃን በርቶበት፣ ጠርዙ ሁሉ እየታየ። የብሎኩ ቀን፣ የሞተሩ ቀን፣ የመኪናዋ ቀን በቅደም ተከተል ይሂድ። ሻጩ ፎቶው ነገ ይደርሳችኋል ካለ እስከ ነገ ጠብቁ። «ትንሽ አጽድተነው ነው» ካለ ግን ስልኩን ዝጉ።