አርባ ብር ጎደላት

ወገኖቼ፣ በተለይ የባሕር ዳር ሰዎች፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። ቅር ቢላችሁም ስሙኝ።

ባለፈው ጥር ለሥላሴ፣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ወዳለው የናርጋ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ወደቡ ላይ ተሰልፈን ነበር። ነጠላ አጣፍተን፣ ጧፍና ዣንጥላ ይዘን። ከፊቴ አንዲት የደቅ እናት ቆማለች። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው። አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪም ቤት ሰንብተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። ተራዋ ሲደርስ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። የተቋጠረውን ብር አውጥታ ሰጠችው።

«አርባ ብር ይጎድላል» አላት ትኬት ቆራጩ።

«ስመጣ የከፈልሁት ይኸንኑ ነው፣ ወንድም ዓለም።»

«ታሪፉ ጨምሯል እናቴ። እኔ ምን ላድርግ? ቀጣይ!»

ቀጣዩ እኔ ነበርኩ።

ብሩን መልሳ ቆጠረችው። ጣቷን በምራቋ እያራሰች፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ዞር ብላ አየችን። እኔ ስልኬን አየሁ። ከኋላዬ አንዱ «ኧረ መንገድ ልቀቂልን» አለ። ለቀቀች።

ስንቶቻችን ነበርን? አርባ አናንስም። ሁላችንም ስለት ይዘናል። የእኔ 2,000 ብር በፖስታ ታሽጎ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አርባ ብር ግን ከአርባ ሰው ኪስ አልወጣም። ጀልባዋ ስትነሳ እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ጀልባ ሲሄድ ማየት ደስ ብሎት ነው መሰለኝ፣ በደህናው እጁ ተሰናበተን። ናርጋ ደርሼ ስለቴን አስገባሁ። እንዴት እንዳስገባሁት እስካሁን ይገርመኛል።

ስመለስ የወደቡን ጥበቃ ጠየቅሁት። እንጨት ሸጠው የሚመለሱ ሰዎች በታንኳ ወሰዷት አለኝ። በደንገል ታንኳ! ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደረሰች ወይ? አላውቅም፣ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቡና ቤቱ «ናፍጣ ጨምሯል፣ ታሪፉ ገና መጨመር አለበት» ስትሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ናፍጣ መጨመሩ እውነት ነው። ከ2014 ጀምሮ ድጎማው እየተነሳ ሲሄድ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ጀልባ ያለ ናፍጣ፣ ሞተርም ያለ ጥገና አይሄድም። ግን ሂሳቡን ለምን ከዚያች ሴት መቀነት እንጀምራለን? በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በየቀኑ እንሻገራለን። ማን ትኬት ጠየቀን? ለእኛ መንገድ ሲሠራ መብታችን ነው። ለደቅ ሰው ሲሆን ንግድ ነው። እሱ በአስፋልት ልሂድ ቢል የት ሊሄድ? መንገዱ ያቺ ጀልባ ናት። ጨውና ሳሙናው፣ ነፍሰ ጡሯም፣ የታመመውም በእሷ ነው የሚመላለሱት። የጀልባ ዋጋ ሲጨምር እዚያ የጨው ዋጋም ይጨምራል።

ስለዚህ ለደሴቱ ነዋሪ ታሪፉ ይውረድ። የጎደለውን እኛ እንሙላው፤ ለበዓል የምንሄደው፣ ለሽርሽር ጀልባ የምንከራየው። የቀረውን መንግሥት ይደጉም፣ ለመንገድ እንደሚበጅተው ሁሉ። ይህን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አስገብቻለሁ። «እናየዋለን» ተብያለሁ። ስንት ጊዜ እንደታየ እንጃ።

ትኬት ቆራጩን ስወቅስ ከርሜ ነበር። አሁን ደከመኝ። እሱ ደሞዝተኛ ነው፣ የተባለውን አደረገ። እኔን ግን ዝም በል ያለኝ አልነበረም።

አሁን ጀልባዋ ወደ ደቅ በምትነሳበት ቀን፣ ሥራ ካልያዘኝ፣ ጠዋት ወደቡ ላይ አለሁ። ትኬት ከሚቆረጥበት መስኮት አጠገብ። ያቺን እናት እስካሁን አላየኋትም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ለአንድ ሽማግሌ የጎደላቸውን ከፈለላቸው። ሁለት ሆነናል። ጠዋት ጊዜ ያላችሁ ኑ።