«ሁሉም እንዲህ ይላል» ማስረጃ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሰልጣኝ በቪዲዮ ቀርቦ «ቤግስ ዘ ኩዌስችን» የሚለውን ሐረግ «ጥያቄ ያስነሳል» ለማለት መጠቀም ትክክል ነው አለ። ለምን? ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት። ሁሉም ሰው ለምን ይጠቀምበታል? ትክክል ስለሆነ። ይኼን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐረጉ አሰልጣኙ ራሱ የሠራው የዚሁ ስህተት ስም ነው እኮ! አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ክርክር ሲጽፍ ነው ለይቶ ያወጣው። ገና መረጋገጥ ያለበትን ነገር ተከራካሪህ ከመነሻው እንዲቀበልልህ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ያንኑ ይዘህ «አረጋገጥኩ» ትላለህ። በላቲን «ፔቲሲዮ ፕሪንሲፒይ» ተባለ። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። «ቤግ» (መለመን) የሚለው ቃል ብዙ ሰው እንደሚያሳስት አልክድም። ከዚህ በላይ ግን ለአሰልጣኙ አልስማማለትም።

ይህ ስህተት እኮ በየቀኑ ፊታችን ይቆማል። ይህ ጋዜጣ አይዋሽም፤ እንዴት ታወቀ? ራሱ ጋዜጣው አልዋሽም ብሎ ጽፏላ። እሱ ብቃት አለው፤ ብቃት ባይኖረው ኖሮ ሥልጣኑን አያገኝም ነበር። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ ፍትሐዊ ካልሆነማ ሕግ አይሆንም ነበር። አነጋገሩ ያማረ ሰው ሲያወራው ደግሞ ጭንቅላታችንን እየነቀነቅን እንሰማለን። እንግሊዝኛ ይህን ማታለያ በሦስት ቃል የሚያጋልጥ ሐረግ አለው። ያንን ሐረግ ከጸሐፊ እጅ መንጠቅ አታላይን መርዳት ነው። ስም ያጣ ማታለያ ደግሞ ማንም ሳያየው ያልፋል።

በምትኩስ ምን አገኘን? ምንም! «ጥያቄ ያስነሳል» ለማለት «ሬይዝስ ዘ ኩዌስችን» አለ። ግልጽ ነው፤ ማንንም አያደናግርም። ያንን ትቶ ሌላውን የሚመርጥ ጸሐፊ የተማረ መምሰል ፈልጎ ነው።

«ሜሪያም ዌብስተር የሚባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እኮ አዲሱን ትርጉም አስገብቶታል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አስገብቷል። መዝገበ ቃላት ሰው የሚናገረውን ይመዘግባል፤ የተመዘገበው ሁሉ ጥሩ ጽሑፍ ነው አላለም። ቋንቋ ይለወጣል የሚለውም ያው ነው። ይለወጣል፤ ግን አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ሥራው ልዩነቱን ማስተማር እንጂ ስንፍናን ማጽደቅ አይደለም።

ልዩነቱን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ከሐረጉ ቀጥሎ «ለምን»፣ «ማን» ወይም «እንዴት» የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ «ሬይዝስ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ሰው የሚከራከርበትን ነገር ራሱን ማስረጃ አድርጎ ካቀረበ፣ ያኔ «ቤግስ» በሉት። አርታኢዎችም የተሳሳተውን ስታዩ «ሁሉም ይለዋል» ብላችሁ አትለፉ፤ ሰርዙት።